ካሜራ ካየ በኋላ እጅ ምን ይሠራል?

በ1943 አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ሺለር ራሱን በሥራ ላይ የሚያሳይ አንድ የዘይት ቀለም ቅብ ሠራ። በሥዕሉ ላይ ሰውየው የተቀመጠው ደጅ ነው፤ በዙሪያው ሣር የለበሰ መሬት፣ ግንብና ደረጃ ይታያል፤ ብርሃኑም የቀን ብርሃን ነው። በሥዕል ማቆሚያው ላይ ያለው ሥራ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አይመስልም። በጥቁር ክራዮን የሚሠራ የቤት ውስጥ ንድፍ ነው፤ መሐሉ ላይ የብረት ምድጃ የቆመበት፣ መስኮትና በር ያለው ጨለማ ክፍል። የቅቡ ርዕስ ደግሞ «ሠዓሊው ተፈጥሮን ሲመለከት» የሚል ነው። ያ ንድፍ ለዚህ ቅብ ሲባል የታሰበ አይደለም፤ ሺለር ራሱ በ1932 የሠራው ሥራ ነው። ንድፉም የተወለደው ከፎቶግራፍ ነው፤ ሺለር በ1917 ገደማ በፔንሲልቬኒያ ክፍለ ግዛት በዶይልስታውን ከተማ ይኖርበት በነበረ ቤት ውስጥ ካነሳው ፎቶግራፍ። ሥዕሉ ላይ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር የተወሰደው ሠዓሊው ያንን ንድፍ ሲሠራ ከሚያሳይ ፎቶግራፍ ነው። እንግዲህ አንድ ሸራ ላይ ቅብ ንድፍን ይዟል፣ ንድፍ ደግሞ ፎቶግራፍን ይዟል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 26 ዓመት ያህል አልፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ንድፍ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ የተለመደ ቅደም ተከተል አለ። ሠዓሊው መጀመሪያ ያያል፣ ከዚያ በእርሳስ ይነድፋል፣ በመጨረሻም ቀለም ይቀባል። በዚህ አስተሳሰብ ንድፍ መሸጋገሪያ ነው፤ ቅቡ ካለቀ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ፎቶግራፍ ሲጨመርበት ደግሞ የንድፍ ደረጃ ይብሱን ዝቅ ይላል። ካሜራው ቅርጹን ከያዘው፣ ጥላውንም ካስቀመጠው፣ በእጅ መንደፍ የተሠራውን መልሶ መሥራት ይመስላል። የሺለርን ሥራዎች በቅደም ተከተል ያየ ሰው ግን ይህ አስተሳሰብ እንደማይሠራ ይረዳል ብዬ አምናለሁ። በእርሱ ዘንድ ንድፍ ከፎቶግራፍ ወደ ቅብ የሚወስድ መንገድ አልነበረም። ካሜራው ያየው ነገር የሚመረመርበት፣ የትኛው መቆየት እንዳለበትና የትኛው መጥፋት እንዳለበት ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ነበር። ፎቶግራፎቹም ሆኑ ቅቦቹ ትርጉማቸውን የሚያገኙት ከዚህ ቦታ ተነስተን ስናያቸው ነው።

ሺለር በ1883 በፊላዴልፊያ ተወለደ፤ በዚያው ከተማ በሚገኘው የፔንሲልቬኒያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ። መምህሩ ዊልያም ሜሪት ቼስ በብሩሽ ፍጥነቱ የታወቀ ሠዓሊ ነበር፤ ተማሪዎቹንም ያሠለጠነው ፈጥነውና ደፍረው እንዲቀቡ ነው። ሺለር ይህን ትምህርት በኋላ ሙሉ በሙሉ ትቶታል። ምክንያቱ በ1909 መጀመሪያ ፓሪስ ያየው የሴዛን፣ የፒካሶና የብራክ ሥራ ነበር። እነዚህ ሠዓሊዎች አንድ ቅብ እንደ ሕንጻ ከመሠረቱ ታስቦ መገንባት እንደሚችል አሳዩት። በ1913 በኒውዮርክ በተከፈተውና አሜሪካን ከአውሮፓ አዲስ ሥነ ጥበብ ጋር ባስተዋወቀው ታላቅ አውደ ርዕይ፣ አርሞሪ ሾው በሚባለው ላይ፣ የእርሱም ቅቦች ቀርበው ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሥራ እንጀራ አያበላም። ስለዚህ ካሜራ ገዝቶ ለአርክቴክቶች ሕንጻ፣ ለሰብሳቢዎችና ለነጋዴዎች የጥበብ ሥራዎችን ፎቶ ማንሳት ጀመረ። ካሜራን የያዘው በኑሮ ግፊት ነው ማለት ነው፤ ግን ካሜራውን የያዘችው ዓይን የእነ ፒካሶን ኩቢዝም አስቀድማ ያየች ዓይን ነበረች። ይህ ነጥብ ለክርክሬ ወሳኝ ስለሆነ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

ማስረጃው 1917 ላይ ጎልቶ ይታያል። በዚያ ዓመት ሺለር በዶይልስታውን አካባቢ የገበሬዎች ጎተራዎችን ሁለት በጣም በተለያየ መንገድ ሠርቷል። በፎቶግራፉ ላይ የአንድ ነጭ ጎተራ ግድግዳ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። የጣውላው ስንጥቅ፣ የልስኑ ሸካራነት፣ የአየር ጠባይ የጣለበት ምልክት ሁሉ አለ፤ ሰማይ ግን የለም ማለት ይቻላል። በዚያው ዓመት በጥቁር ጠመኔ በሠራው የጎተራ ንድፍ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው። መሬት የለም፣ ሰማይ የለም፣ ዛፍ የለም። ባዶ ወረቀት መሐል ጥቂት ቀጥ ያሉ መስመሮች የግድግዳና የጣሪያ ገጾችን ይከልላሉ፤ እዚህም እዚያም ጣውላን የሚያስታውሱ ጭረቶች አሉ፤ ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው። ካሜራው ምንም ሳያስቀር ሁሉን ሰበሰበ፤ እጅ ምን ያህሉ ቢጣል ጎተራው ጎተራ ሆኖ እንደሚቀር ፈተነ። ሁለቱም ግን አንድ ነገር ይጋራሉ፤ ሁለቱም ጎተራውን የሚያዩት እንደ ጠፍጣፋ ገጾች ድርድር ነው። ፎቶግራፉ ሰማዩን ቆርጦ ያስወጣው የንድፉን ሕግ ስላወቀ ነው።

የምድጃው ፎቶግራፍ ይህንኑ በሌላ መንገድ ያረጋግጣል። ሺለር ከጓደኛው ከሠዓሊው ሞርተን ሻምበርግ ጋር ተከራይቶት የነበረው ያ ቤት በ1768 የተሠራ ነው፤ ግድግዳው በኖራ የተለሰነ፣ ደረጃው ጠባብ፣ ክፍሎቹ ዝቅ ያሉ ነበሩ። ሻምበርግ በ1918 በኅዳር በሽታ ሞተ፤ ሺለር ከአሥርት ዓመታት በኋላም በሥራው ወደዚያ ቤት ሲመለስ ይህ ሐዘን አብሮ እንደሚመለስ መገመት ከባድ አይደለም። ፎቶውን ያነሳው በሌሊት ነው፤ የመስኮቱ መስታወት ጥቁር የሆነው ለዚያ ነው። መብራቱን ከምድጃው ኋላ ደበቀው፤ በዚህም ምድጃው ራሱ ብርሃን የሚያመነጭ መሰለ፣ የፊቱ አካል ደግሞ ጥቁር ቅርጽ ሆኖ ቀረ። ይህን ያደረገ ሰው ክፍሉን እንዲሁ «መዘገበ» ማለት አይቻልም። ጥቁሩ የት እንደሚወድቅ፣ ነጩ የት እንደሚጀምር አስቀድሞ ወስኗል፤ ከክራዮን በፊት በመብራት ነድፏል። ስለዚህ ከ15 ዓመት በኋላ ያን ፎቶግራፍ በክራዮን ሲሠራው የባዕድ ማሽን ውጤትን እየገለበጠ አልነበረም። የራሱን የቆየ ሐሳብ እንደገና እየመረመረ ነበር።

በእነዚህ ሁለት ጫፎች መካከል የኒውዮርክ ዓመታት አሉ። ሺለር ወደ ኒውዮርክ ከተዛወረ በኋላ በ1920 ከፎቶግራፍ ባለሙያው ፖል ስትራንድ ጋር «ማንሃታ» የተባለ አሥር ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። ፊልሙ ከተማዋን የሚያያት ብዙ ጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው፤ ጣሪያዎች፣ ጭስ፣ እንደ ነጥብ የሚታዩ ሰዎች። ከዚህ ፊልም አንድ እይታ «ቸርች ስትሪት ኤል» የተባለውን የ1920 ቅብ ወለደ፤ በፊልሙ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ከተማ በቅቡ ላይ ጸጥ ብሎ ወደ ባለ ቀለም ገጾች ተለወጠ። በዚያው ዓመት ፓርክ ሮው የተባለውን ሕንጻ፣ በ1899 ሲጠናቀቅ በዓለም ረጅሙ የቢሮ ሕንጻ የነበረውን፣ ከከፍታ ቦታ ሆኖ ፎቶ አነሳው። ከዚያም በእርሳስ ነደፈው፤ በ1922 ደግሞ በዘይት ቀለም ቀባው። ቅቡ በመጀመሪያ «ቢሮዎች» ይባል ነበር፤ ዛሬ የሚታወቀው «ሰማይ ጠቀሶች» በሚል ስም ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት እንደ መልካም ትምህርት ነው። አንዱ ቅዳሴ በግዕዝም በዕዝልም ሲዜም ቃሉ ያው ሆኖ ስሜቱ እንደሚለያይ፣ እዚህም ሕንጻው አልተለወጠም፤ የተለወጠው አካሄዱ ነው። በፎቶግራፉ የግድግዳው ቆዳ ይታያል። በንድፉ ግድግዳው ወደ ግራጫ ደረጃዎች ይወርዳል፣ መስኮቶቹም የሚደጋገም ምት ይሆናሉ። ቅቡ ከንድፉ የወሰደውን አካሄድ ይዞ ለእያንዳንዱ ገጽ የተረጋጋ ቀለም ይሰጠዋል። ንድፉ ባይኖር ቅቡ ቀለም የተቀባ ፎቶግራፍ ይሆን ነበር የሚል እምነት አለኝ፤ ከግድግዳው ቆዳ ወደ ግድግዳው ቅርጽ የሚወስደው ውሳኔ በሙሉ የተሠራው በእርሳሱ ነውና።

በ1923 የሠራው የራስ ምስል በዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይበልጥ የሚናገር ሥራ ይመስለኛል። በወረቀት ላይ በክራዮን፣ በእርሳስና በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ተሠርቷል፤ ዛሬ በኒውዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። የራስ ምስል ቢባልም በመሐል የተቀመጠው ስልክ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የቆመ፣ ጥቁር፣ እያንዳንዱ ክፍሉ በጥንቃቄ የተነደፈ የዚያ ዘመን ስልክ። ከስልኩ ኋላ መስኮት አለ። በመስኮቱ መስታወት ላይ የሠዓሊው አካል ደብዘዝ ብሎ ይንጸባረቃል፤ ከአንገቱ በላይ ግን በመስኮቱ መጋረጃ ተቆርጧል፣ ፊት የለውም። ሥዕሉን የሠራው ሰው ራሱን ያስቀመጠው ምስል በሚቀበል መስታወት ውስጥ ነው፤ ካሜራም የሚሠራው መስታወት ምስልን ሲቀበል ነው። ማሽኑ ግልጽና ሙሉ ሆኖ ሲታይ ሰውየው ደብዛዛና ጎደሎ ሆኖ ይታያል። ፎቶግራፍ የሚያውቅ እጅ ብቻ ሊነድፈው የሚችለው ንድፍ ነው፤ ንድፍ ብቻ ደግሞ ስልኩን እንዲህ ያጎላው፣ ሰውየውን እንዲህ ያደበዘዘው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን ያሳያል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። ከፎቶግራፍ መንደፍ መገልበጥ ነው የሚሉ ሰዎች በሺለር ዘመን ብዙ ነበሩ፤ ዛሬም አልጠፉም። ተቃውሞው የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ ቦድሌር በ1859 ስለ ፎቶግራፍ ሲጽፍ ቦታው የሥነ ጥበብና የሳይንስ አገልጋይ መሆን ነው ብሎ ወስኖ ነበር። ብዙ ሠዓሊዎችም ካሜራን ሲጠቀሙ ይደብቁት ነበር። ሺለር በተማረበት አካዳሚ ከእርሱ በፊት ያስተማረው ታላቁ ቶማስ ኤኪንስ ለአንዳንድ ቅቦቹ ፎቶግራፍን በብርሃን ሸራው ላይ ጥሎ ነጥብና መስመር ያስቀምጥ እንደነበር በግልጽ የተረጋገጠው ከሞቱ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ፣ የሙዚየም ባለሙያዎች ሥራዎቹን በቅርበት ሲመረምሩ ነው። መደበቁ ራሱ ኀፍረት እንደነበረበት ያሳያል። ሺለር ይህን ኀፍረት አልተጋራም። የምድጃውን ንድፍ ሲሠራ ከፎቶግራፉ አልራቀም፤ ይልቁንም ሌላ ሠዓሊ ይፈራው እስከነበረው ድረስ ተጠጋው። የመረጠውም መሣሪያ ይህን የሚያጎላ ነበር፤ ኮንቴ የሚባለው ጥቁር ክራዮን ከእርሳስ የጠለቀ ጥቁር ይሰጣል፣ በወረቀቱ ሸካራነት ላይ ሲሄድ ደግሞ ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ደረጃ ሁሉ ያለ መስመር መገንባት ያስችላል። የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቋንቋም ይኸው ነው። መገልበጥ ከሆነ ግን ውጤቱ ከፎቶግራፉ ያነሰ መሆን ነበረበት። ንድፉ በስፋቱ ከፎቶግራፉ እጥፍ ድርብ ይበልጣል፤ በዚያ ስፋት ላይ እያንዳንዱ ጥላ በእጅ የተሠራ ነው። በፎቶግራፍ ጥቁሩ ሁሉ የሚመጣው በአንድ ጊዜ ነው፣ የምድጃው ሆድም የበሩ መዝጊያም እኩል ዕድል አላቸው። በንድፉ የምድጃው ጥቁር መቼ እንደሚበቃው የወሰነ ሰው አለ፤ ግድግዳው ላይ ብርሃኑ የት ላይ እንደሚደክም የወሰነ ሰው አለ። ሁለት ምስሎች በጣም ሲመሳሰሉ በመካከላቸው የቀረችው ትንሽ ልዩነት ዋጋዋ ይጨምራል፤ ሺለር ወደ ፎቶግራፉ የተጠጋው ያቺን ልዩነት ለማግኘት ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከገበያ የሚመጣ ነው፤ እኔም እንደ ከንቱ አላየውም። ከ1931 ጀምሮ ሥራዎቹን ትሸጥለት የነበረችው የዳውንታውን ጋለሪ ባለቤት ኢዲት ሃልፐርት ፎቶግራፎቹን በይፋ እንዲያሳይ አትፈልግም ነበር። ገዢዎች ከቅቡ ጎን ፎቶግራፉን ካዩ ቅቡን ቅጂ ነው ብለው ያጣጥሉታል የሚል ስጋት ነበራት። በዚያው 1931 ሺለር የሠራው «የኒውዮርክ እይታ» የተባለ ቅብ ባዶ ስቱዲዮ ያሳያል፤ ወንበር፣ መብራት፣ ክፍት መስኮት፣ በጨርቅ የተሸፈነ ካሜራ። ብዙዎች ይህን ለፎቶግራፍ የተደረገ ስንብት አድርገው ያነቡታል። ታዲያ በእነዚያ ዓመታት የመጡት ትልልቅ የክራዮን ንድፎች ለገበያ ሲባል በእጅ የታደሱ ፎቶግራፎች ናቸው ቢባል ከእውነት ይርቃልን? የገንዘቡ ምክንያት እውነት ነው፤ በኢኮኖሚ ድቀቱ ዘመን ይኖር የነበረ ሠዓሊ መብላት ነበረበት። ሆኖም የገበያ ግፊት ለምን እንደ ነደፈ ቢነግረንም ለምን እንዲህ እንደ ነደፈ አይነግረንም። ፎቶግራፉን መደበቅ ቢፈልግ ፎቶግራፍ የማይመስል አነዳደፍ በመረጠ ነበር። እርሱ ግን ካሜራው ከአውደ ርዕይ በተገፋበት ሰዓት የካሜራን ቋንቋ በወረቀት ላይ ይዞ ገባ። የሃልፐርት ጥንቃቄም ለዘለቄታው አላገደውም፤ በ1939 የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሥራ ዘመኑን የሚቃኝ አውደ ርዕይ ሲያዘጋጅለት ቅቦቹ፣ ንድፎቹና ፎቶግራፎቹ በአንድ ጣሪያ ሥር ቀረቡ። ከ1942 እስከ 1945 ደግሞ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ተቀጥሮ የሙዚየሙን ቅርሶች ፎቶ ያነሳ ነበር፤ «ሠዓሊው ተፈጥሮን ሲመለከት» የተሠራው በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ግን ያሸንፈኛል ባልልም የሚከብደኝ ነው። በ1927 የፎርድ ኩባንያ አዲሱን ሞዴል ኤ መኪና ለማስተዋወቅ ሲዘጋጅ፣ አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሺለርን በሚሺጋን ዲርቦርን ወደሚገኘው የሪቨር ሩዥ ፋብሪካ ላከው። ስድስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ 32 ፎቶግራፎች አስረከበ። በአሥርት ሺህዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች የሚውሉበት ቦታ በእነዚህ ምስሎች ላይ ባዶ የሆነ ያህል ነው። በ1930 ከአንዱ ፎቶግራፍ የኋላ ክፍል ተነስቶ የቀባው «የአሜሪካ ምድር ገጽ» ቦይ፣ ጭስ ማውጫና ባቡር ሐዲድ ይዞ አንዲት እምብዛም የማትታይ የሰው ምስል ብቻ አስገብቷል። በ1931 በጥቁር ክራዮን የሠራው የዚያው ፋብሪካ ንድፍ ደግሞ «ባሌ ሜካኒክ» ይባላል፤ የቧንቧ ጭፈራ ነው፣ ሰው የለበትም። በመጋቢት 1932 በዚያው ፋብሪካ በር ላይ ሥራ ያጡ ሰልፈኞች በጥይት ተገድለዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው የሺለርን ንጹሕ ጭስ ማውጫዎች ሲያይ ቅር ቢለው አልፈርድበትም። ውሳኔ የሚሰጥበት ቦታ ንድፍ ነው ካልሁ ሰውን የማስወጣቱ ውሳኔም የንድፍ ነው፣ ተጠያቂነቱም የካሜራው ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህን ተቀብዬ እንኳ የማስተውለው አንድ ነገር አለ። በ1932 እጁ የተመለሰው ወደ ፋብሪካው ብቻ አልነበረም፤ ምድጃ ወዳለበት፣ በእንጨትና በኖራ ወደተሠራው የቆየ ቤትም ነበር። በዚያም ሰው የለም፤ ግን ምድጃውን ያነደደ፣ በሩን የከፈተ ሰው እንደነበር የማይሰማው ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ያንኑ ክራዮን፣ ያንኑ ትክክለኛነት ይዞ አንዱ ቦታ ሰውን ሲያርቅ ሌላው ቦታ ያቀርባል። ስለዚህ ቅዝቃዜው የአነዳደፉ ጠባይ ነው ማለት አይቻልም፤ ለፎርድ የመረጠው ነገር ነው።

ከ1940ዎቹ አጋማሽ በኋላ የሆነው ነገር ክርክሬን ወደ ተነሳበት ባይመልሰውም ወደማይጠበቅ ቦታ ይወስደዋል። በ1946 በማሳቹሴትስ አንዶቨር የፊሊፕስ አካዳሚ እንግዳ ሠዓሊ ሆኖ ሲጋበዝ፣ በ1948 ደግሞ በኒው ሃምፕሺር ማንቸስተር የአሞስኬግን አሮጌ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ሲሠራ፣ አዲስ ዘዴ ጀመረ። ከተለያየ አቅጣጫ የተነሱ ሁለት የፎቶግራፍ ኔጋቲቮችን ደራርቦ በብርሃን ላይ ያያቸዋል። የአንዱ ሕንጻ ጠርዝ የሌላውን መስኮት ሲያቋርጥ፣ የአንዱ ጥላ የሌላው ግድግዳ ሲሆን፣ በየትኛውም ካሜራ ፊት ያልነበረ ቅርጽ ይወጣል። አንዳንድ ጊዜ አንዱን ኔጋቲቭ ይገለብጠዋል፣ ያንሸራትተዋል፣ የሚስማማ ሲያገኝ ያቆማል። ከዚያ በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ ትንሽ የቀለም ጥናት ይሠራል፤ ፕላስቲኩ የተመረጠው ቀለሙ በቀላሉ ተጠርጎ ሊቀየር ስለሚችል ነው። በመጨረሻ ወደ ሸራው ይሄዳል። እርሳስ የሚሠራው ሥራ ይህ ነው፤ መስመርን ከመስመር ጋር ማጋጨት፣ ማጥፋት፣ እንደገና መሞከር። ሺለር ለ30 ዓመት በወረቀት ላይ የሠራውን አሁን በኔጋቲቮቹ ላይ ይሠራ ነበር፤ በ1959 የደረሰበት የአንጎል ምት (ስትሮክ) ሥራውን እስኪያቆመው ድረስም በዚህ መንገድ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሞተበት እስከ 1965 አልነደፈም፣ አልቀባም፣ ፎቶም አላነሳም፤ ሦስቱ በአንድነት ቆሙ።